ስለ ቤተ መዘክር ጉብኝት፤ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ትምህርት ስለሚገኝበት መንገድ

ቤተ መዘክር ማለት የመታሰቢያ ቤት ማለት ነው። ቃሉ ዘከረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። ተዝካር የምንለውም ቃል ከዚሁ ግስ የተወለደ ስለ ሆነ፣ ለሞተ ዘመዱ ተዝካር የሚያወጣ ሰው የቤተ መዘክርን ምክንያት ለማስተዋል አይቸገርም። በተዝካር አንድ ቤተ ሰብ የሞተበትን ሰው እንደሚያስብ፣ እንዲሁም በቤተ መዘክር አንድ ሕዝብ ያለፉትን አባቶቹንና እናቶቹን፣ የእጃቸውንም ሥራ ያስባል።

ይህም አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ገዳማትና አድባራት ዘውዱን፣ መስቀሉንና የብራናውን መጽሐፍ በዕቃ ቤታቸው ሲጠብቁ ኖረዋል። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በተቋቋመ ጊዜ ደግሞ፣ የክብር ልብሶችና ልዩ ልዩ ዕቃዎች ለሕዝብ እንዲታዩ ተደረገ። በዕቃ ቤትና በቤተ መዘክር መካከል ያለውም ልዩነት ይህ ነው፤ ዕቃ ቤት የተዘጋው ለማንም እንዳይታይ ነው፤ ቤተ መዘክር ግን የተሠራው ሁሉ እንዲያየው ነው። እንግዲህ ሕዝብ የማያየው ቤተ መዘክር፣ ዕቃው ምንም ቢበዛ፣ ከዕቃ ቤት አይሻልም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላሉ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን ከበው የሚኖሩ ናቸው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ከነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ካሉት መንደሮች ወተቱና እህሉ፣ አትክልቱና የቀን ሠራተኛው በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ ይገባል። የቡራዩ የገፈርሳ ውኃ እንኳ ለዋና ከተማይቱ ሲወርድ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን ማታ ማታ የከተማይቱን መብራት ከሩቅ እያየ ያደገ ልጅ፣ በውስጧ በእርሱ ስም የተቀመጠለትን ቅርስ አንድ ቀን እንኳ ሳያይ ትምህርቱን ይፈጽማል። ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ ያየውን፣ በአንድ ማለዳ ደርሶ የሚመለሰው የአገሩ ልጅ አለማየቱ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ለምን ይህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ ዘወትር አንድ ነው፤ ገንዘብ የለም ይባላል። ይህም መልስ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የጉብኝት ትልቁ ወጪ ሳይዘጋጁ መሄድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በአንድ ቤተ መዘክር ቆሞ ሳለ፣ ከሩቅ ስፍራ የመጡ ብዙ ተማሪዎች ተሰልፈው ገብተው፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁሉን ክፍል አልፈው ሲወጡ አይቶአል። አንዱንም ልጅ፣ ምን አየህ ብሎ ቢጠይቀው፣ ብዙ ሰው አየሁ ብሎ መለሰ። ወላጆቹ ያወጡት ገንዘብ ጠፋ ማለት እንዲህ ያለው ነው። ሳይሄድ የቀረ ልጅ ምንም አልከሰረም፤ ሄዶ ሳያይ የተመለሰ ልጅ ግን ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ለማየት የነበረውንም ናፍቆት አጥቶ ይመለሳል።

ገንዘቡ ስለሚቀልበት መንገድ

መጀመሪያ፣ ጊዜን መምረጥ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው ስላለ፣ ልጁ ለቤቱ እጅ ነው፤ የገበሬውም ገንዘብ ገና ከአውድማው አልተነሣም። ስለዚህ ለጉብኝት የሚመቸው ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ያለው፣ ይልቁንም የየካቲት ወር ነው። እህሉ ጎተራ ገብቶአል፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ከዚህም በላይ የካቲት 12ና የካቲት 23 በዚሁ ወር ስለሚውሉ፣ ልጁ በክፍል የተማረውን ታሪክ በወሩ ሄዶ ቢያየው በልቡ ይታተምበታል። ሆኖም የበዓሉን ዕለት ራሱን አለመምረጥ መልካም ነው፤ ሕዝብ ስለሚበዛ ልጆች አያዩም፣ ሊጠፉም ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤ ማስቀደም ነው። ርዕሰ መምህሩ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከአንድ ወር በፊት ለቤተ መዘክሩ ቢጽፉ፣ የተማሪዎቹን ቁጥርና ክፍል፣ የሚመጡበትንም ቀን ቢገልጹ፣ ብዙ ነገር ይቀላል። የመግቢያው ዋጋ ለአገር ተወላጅ ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ነው፤ ለተማሪም የተለየ አስተያየት መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤቱ የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት፣ አስጐብኚ ይኖር እንደ ሆነም አስቀድሞ ማወቅ በር ላይ ደርሶ ከመመለስ ያድናል።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡን በአንድ ቀን ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ማጠራቀም ነው። ለምሳሌ አርባ ተማሪዎች በየሳምንቱ አምስት አምስት ብር ቢያስቀምጡ፣ በ20 ሳምንት 4000 ብር ይሆናል። ይህም ለአንዱ ልጅ 100 ብር ማለት ነው። ዕቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሌላ ትምህርት አያሻውም። ገንዘቡን የሚይዙት አንድ መምህርና አንድ ወላጅ በአንድነት ይሁኑ፤ ሒሳቡም በየወሩ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። መክፈል የማይችል የድኻ ልጅ ግን ስሙ ሳይጠራ በማኅበሩ ገንዘብ ይሂድ። በዚህ ነገር የእድርና የሰንበቴ ሽማግሌዎች በጥቂት ሊረዱ ይችላሉ። ጓደኞቹ ሲሄዱ የቀረ ልጅ፣ ቅርሱ የሌሎች እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ አድርጎ ይማራልና፣ ከዚህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ መንገዱንና ስንቁን አስቀድሞ ማሰብ ነው። የከተማ አውቶቡስ ከታክሲ ይልቅ ይረክሳል፤ ልጆቹም በማለዳ ሠራተኛ ከሚበዛበት ሰዓት ጥቂት አሳልፈው ቢሳፈሩ አይጨናነቁም። ስንቃቸው ዳቦ፣ ቆሎና ውኃ ይሁን። በከተማ ምግብ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከቤት በመጣ ስንቅ ቢተካ፣ የሌላ ልጅ መሳፈሪያ ይሆናል። ለአሥር ለአሥር ልጆች አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ፤ የእያንዳንዱም ልጅ ስምና የትምህርት ቤቱ ስልክ በወረቀት ተጽፎ በኪሱ ይያዝ።

ወዴት እንደሚኬድ

በአንድ ቀን ከሁለት ቤት በላይ መጎብኘት አይገባም። ብዙ በልቶ ያልተፈጨለት እንዳይጠግብ፣ ብዙ አይቶ ያላሰበበትም አይማርም። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ አቅጣጫ መያዝ ይሻላል።

በመጀመሪያው ዓመት ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ይመረጣል። ከሱሉልታ የሚመጡ በአዲሱ ገበያ፣ ከቡራዩ የሚመጡ በአስኮ፣ ከሰበታ የሚመጡም በአየር ጤና አልፈው ወደዚህ ይደርሳሉ። ከደረሱ በኋላ ሁሉም በእግር የሚኬድ ስለ ሆነ፣ ሌላ የመሳፈሪያ ገንዘብ አያስፈልግም።

በአምስት ኪሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዘክር አለ። በዚያ ልጆች ድንቅነሽን ያያሉ። ድንቅነሽ፣ ፈረንጆች ሉሲ የሚሏት፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በሚባል ስፍራ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆናት አጽም ናት። ከመላ አካሏ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው አጥንት ተገኝቶአል። በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ በኢትዮጵያዊው ሊቅ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተገኘችው ሕፃን ሰላም ደግሞ ከድንቅነሽ ትቀድማለች፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ በሞተች ጊዜም የሦስት ዓመት ያህል ልጅ ነበረች። በ1987 ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ የተገኘችው አርዲ ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ናት።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁለት ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም። አንደኛው፣ ዕድሜዋን በምን አወቁት የሚል ነው። መምህሩ እንዲህ ብለው ያስረዱት። እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ አመዱ በምድር ላይ እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ በላዩም ሌላ አፈር ይነጠፋል። በዚያ አመድ ውስጥ ባሉት ጠጣር ቅንጣቶች፣ አርጎን የሚባል ጋዝ በታወቀ መጠን ከዘመን ወደ ዘመን ይጠራቀማል። ስለዚህ የጋዙን መጠን የለካ ሰው አመዱ የወደቀበትን ዘመን ያውቃል፤ አጥንቱም ከአመዱ በላይ ወይም በታች መሆኑን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል። ሁለተኛው ጥያቄ፣ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደ ነበር በምን ታወቀ የሚል ነው። ይህም የታወቀው ከዳሌዋና ከጉልበቷ አጥንት አሠራር ነው። መምህሩ ደግሞ አንድ ነገር አይሰውሩ፤ ለሕዝብ የሚታየው በአምሳሏ የተሠራው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት እንዳይጎዳ በጥብቅ ስፍራ ይጠበቃል። ልጅ ይህን ከመምህሩ ቢሰማ ጥንቃቄን ይማራል፤ ከሌላ ቢሰማው ግን እንደ ተታለለ ይቈጥረዋል።

በዚሁ ቤት ከአክሱም ዘመንና ከዚያም በፊት ከነበረው ዘመን የተገኙ የድንጋይ ሥራዎች፣ የነገሥታት አልባሳትና ዘውዶች፣ የሠዓሊዎችም ሥራ አለ። ሁሉን ለማየት አይቸኰል።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ግቢው አስቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበረ። ዛሬ በሕንፃው ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር አለ። ዕቃዎቹ የተደረደሩት እንደ ሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደትና ከሕፃንነት ተነሥቶ፣ በጋብቻና በሥራ አልፎ፣ እስከ ሞት ይደርሳል። ልጁ በዚህ ቤት የራሱን እናት ዕቃ ሲያይ ይደነቃል። የወተት ጮጮው፣ አገልግሉ፣ ክራሩና በገናው፣ በቤቱ እንደ ቀላል ነገር የሚያያቸው ሁሉ፣ በመስተዋት ውስጥ በክብር ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ከዚያም በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያያቸው የነበረውን ዕቃ በሌላ ዓይን ያያል። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍልም በዚሁ ይታያል።

ይህ ግቢ የዕቃ ማኖሪያ ብቻ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚህ ነው። ከዚያም በኋላ በነበሩት ቀኖች በአዲስ አበባ ስንት ሰው እንደ ታረደ፣ ቤትም እንደ ተቃጠለ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ከግቢው ውጭ በአደባባዩ ላይ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ለእነዚህ መታሰቢያ ነው። ሐውልቱን ለማየት ገንዘብ አይከፈልም፤ ልጆች በዝምታ ጥቂት ጊዜ ይቁሙበት።

በሁለተኛው ዓመት ፒያሳ ይመረጣል። ይህም አቅጣጫ ለቡራዩ ልጆች የቀረበ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የቆመ ነው፤ ጣልያን ቢያነሣውም ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሶአል። አጠገቡ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. የነገሡት በዚህ ነው፤ በግቢውም የቤተ ክርስቲያኑ ቤተ መዘክር አለ። ጥቂት ወረድ ሲሉ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች በጥይት የገደሏቸው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያም በዚሁ በፒያሳ ነው። ለመግቢያ የሚበቃ ገንዘብ ባይገኝ እንኳ፣ ሁለቱን ሐውልቶችና የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በማየት ብቻ አንድ ሙሉ የታሪክ ትምህርት ሊሰጥ ይቻላል።

በሦስተኛው ዓመት እያንዳንዱ ከተማ ወደ ጎረቤቱ ይሂድ። የሱሉልታ ልጆች ዘወትር ጀርባውን የሚያዩት እንጦጦ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መዘክሩ የሚገኙበት ተራራ ነው፤ መንገዱም በሽሮ ሜዳ በኩል ይወጣል። የሰበታ ልጆች ደግሞ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ መልካ ቁንጥሬን ያገኛሉ። በዚያ በአዋሽ ዳር የጥንት ሰዎች የጠረቡት የድንጋይ መሣሪያ፣ ከባልጩትም የተሠራው፣ በተገኘበት መሬት ላይ ይታያል። ስፍራው በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፎአል። የቡራዩ ልጆች ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር በተመለከተ አንድ ምክር እንሰጣለን። በዚያ የሙታን አጽምና ፎቶግራፍ ስላለ፣ ለሕፃናት አይሆንም። ከፍ ላሉት ተማሪዎች ግን፣ ወላጆች ፈቅደው፣ መምህሩም አስቀድመው አስረድተው ቢሆን፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ የሚደርሰውን ጥፋት የሚያስተምር ከዚህ የሚበልጥ ስፍራ የለም።

እንዴት እንደሚታይ

ከመሄዱ በፊት ባለው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ በደብተሩ ይጻፍ። አንዱ፣ ድንቅነሽ ቁመቷ ስንት ነበር ይበል፤ ሌላይቱ፣ የበገና አውታር ስንት ነው ትበል። በቤተ መዘክሩ ውስጥ ልጁ መልሱን ይፈልግ፤ አንድም ዕቃ መርጦ ሥዕሉን በእርሳስ ይሣል። ዕቃን የሚሥል ልጅ ያለ ውድ በግድ ልብ ብሎ ያየዋል። በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ግን፣ የተፈቀደ እንኳ ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ዓይንን ያሰንፋል።

ጽሑፉ ያለበት ቋንቋ ለሁሉ ልጅ እኩል አይቀርብም። በነዚህ ከተሞች ብዙው ልጅ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ መምህሩ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እያነበቡ በልጁ ቋንቋ ቢተረጕሙለት፣ ልጁ ቤቱ የእርሱም መሆኑን ያውቃል። በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የተጻፈው የገዳ ሥርዓትም የተጠበቀው በሽማግሌዎች ቃል ነው እንጂ በመስተዋት ውስጥ አይደለም። እንግዲህ ከጉዞው ጋራ አንድ ሽማግሌ ቢሄዱ ትልቅ ጥቅም አለው። ዕቃው ዝም ይላል፤ ሲሠራበት ያዩት ሽማግሌ ግን ይናገራሉ።

ከተመለሱ በኋላ

ጉብኝት በመመለስ አያልቅም። ልጆቹ በማግሥቱ ያዩትን ለታናናሾቻቸው ይንገሩ፤ ማታም ለአያቶቻቸው ያውሩ። ከዚያም ትምህርት ቤቱ የራሱን ትንሽ መዘክር ይጀምር። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁልፍ ያለው አንድ ሣጥንና አንድ መዝገብ ብቻ ነው። አንዱ አሮጌ ወፍጮ፣ አንዱ የተሰበረ ጮጮ፣ አንዱም የአያቱን የጦር ጫፍ ቢያመጣ፣ በመዝገቡ ላይ የዕቃው ስም፣ ያመጣው ሰው፣ የተሠራበት ስፍራና አገልግሎቱ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈለት ዕቃ ባለቤቱ እንደማይታወቅ መቃብር ነው። ዕቃው ለባለቤቱ የሚመለስ ከሆነም ይኸው ይጻፍ።

የአገር ሽማግሌዎች ሆይ፤ እዚህ ላይ ነገሩ የእናንተ ነው። በየቤታችሁ ያለውን የብራና መጽሐፍ፣ የብር መስቀል፣ የጥንት ጋሻ ለመግዛት ደላላ ሲመጣ፣ ዋጋው ለጊዜው ያስደስታል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው ቅርስ እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛል፤ የእኛ ሊቃውንት የአባቶቻቸውን መጽሐፍ ለማንበብ ባሕር ይሻገራሉ። ያ በጦር የተወሰደ ነው፤ በገዛ እጃችን የሸጥነውን ግን ማንን እንጠይቃለን? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በእርሻም ሆነ በግንባታ ቁፋሮ ላይ የተገኘ ቅርስ ለባለ ሥልጣን እንዲነገር ያዛል። ሕግ ግን ብቻውን አይጠብቅም። ቅርስን የሚጠብቀው ዋጋውን የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ዋጋውንም የሚያውቀው ዓይኑ ካየ በኋላ ነው።

መምህራን ሆይ፤ እናንተም ገንዘብ እስኪሞላ አትጠብቁ። ለሁሉ ባይበቃ ለአንድ ክፍል፣ ለሩቁ ባይሆን ለቅርቡ ጀምሩ። አንድ ልጅ አንድ ጥያቄ ይዞ ሄዶ መልሱን በዓይኑ አይቶ ቢመለስ፣ ጉዞው ዋጋውን መልሶአል። ያ ልጅ ነገ የራሱን ልጅ እጅ ይዞ ወደዚያው ቤት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚመራው መምህር አይሻም።